የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ልጅ «ደበረኝ» ሲል

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ታብሌቱን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከከለከልነው ሁለት ሳምንት ሆነ። ከትምህርት ቤት ተመልሶ ቦርሳውን እንዳስቀመጠ እግር በእግር እየተከተለ «ደበረኝ፣ ምን ልሥራ?» ይለኛል። ሥዕል ሣል፣ ኳስ ተጫወት፣ መጽሐፍ አንብብ ብዬ ብነግረው ለሁሉም «አልፈልግም» ነው መልሱ። መጨረሻ ላይ ጭቅጭቁ ሲያንገሸግሸኝ ስልኬን እሰጠዋለሁ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ታብሌቱን መከልከልዎ ልክ ነው። የተሳሳቱት አማራጭ መደርደሩ ላይ ነው። ስክሪን የሚቀጥለውን ነገር ራሱ ያቀርባል፤ አንዱ ቪዲዮ ሳያልቅ ሌላው ተሰልፎ ይጠብቃል። ልጅዎ አሁን ያንን ሥራ ከእርስዎ ይጠብቃል። የሚያቀርቡለት ሐሳብ ሁሉ ደግሞ ከታብሌቱ ጋር ስለሚመዘን ይወድቃል። «ደበረኝ» ሲልዎ «ምረጭልኝ» ማለቱ ነው፤ መምረጡን ግን መልመድ ያለበት እሱ ነው።

መጀመሪያ መሰላቸት የሚመስሉ ሌሎች ነገሮችን ያጣሩ። ርቦታል? እንቅልፍ ጎድሎታል? ትምህርት ቤት ያስከፋው ነገር አለ? ቀኑን ሙሉ ሳያገኝዎ ውሎ የፈለገው እርስዎን ከሆነ፣ ስልክዎን አስቀምጠው 10 ደቂቃ ሙሉ ልብዎን ሰጥተው አብረውት ይቀመጡ። ያ ሳይሟላ «ሂድና ተጫወት» ቢሉት ከሥርዎ አይነቃነቅም።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይበሉት፦ «ገባኝ፣ ደብሮሃል። እኔ ሥራዬን ልጨርስ፣ አንተም የምትሠራውን ፈልግ።» ደግመው አያብራሩ፤ ክርክር ውስጥም አይግቡ። እጅዎ ላይ የሚታይ ሥራ ይኑር፤ ልብስ ማጠፍም ቢሆን። ወላጅ ስልኩ ላይ አፍጥጦ የሚናገረውን ልጅ አይሰማም።

ወላጅን የሚያሸንፉት የሚቀጥሉት ከ15 እስከ 20 ደቂቃዎች ናቸው። ልጁ ይነጫነጫል፣ ወለል ላይ ይዘረራል፣ እህቱን ይነካካል። ጭቅጭቁ ጫፍ ሲደርስ ስልኩን ከሰጡት፣ የሚማረው ስንት ደቂቃ መጨቅጨቅ እንዳለበት ነው። አንዴ ሰጥቶ አንዴ መከልከል ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው፤ «ዛሬ ይሳካልኝ ይሆናል» የሚለው ተስፋ ጭቅጭቁን ያረዝመዋል።

ካልሰጡትስ? የተዘረረው ልጅ እጁ አንድ ቆርኪ ያገኛል። በጣቱ ያስፈነጥረዋል። ቆርኪው ተንሸራቶ የወንበር እግር ይመታና ይመለሳል። እንደገና ያስፈነጥረዋል፤ አሁን አነጣጥሮ። ሁለተኛ ቆርኪ ይፈልጋል። ጫማውን አውልቆ ጎል ያደርገዋል። ከዚያ ሕግ ይወጣል፦ የወንበሩን እግር ሳይነካ የገባ አይቆጠርም። እዚህ ላይ «ጎበዝ! ምን እየተጫወትክ ነው?» ካሉት አለቀ፤ ተመልካች ስላገኘ ለራሱ መጫወቱን ትቶ ለእርስዎ መጫወት ይጀምራል። ዝም ይበሉት።

ልጁ ብቻውን የሚጫወትበትን ጊዜ በ20 ደቂቃ ይጀምሩና በየሳምንቱ 10 ደቂቃ ያህል እየጨመሩ ወደ አንድ ሰዓት ያድርሱት። ጊዜው በየቀኑ ያው ይሁን፤ ልጁ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ ሲያውቅ መደራደሩን ይተዋል። ታብሌቱም ከዓይን ይራቅ። ጠረጴዛ ላይ ቻርጅ እየተደረገ የሚያየው ታብሌት ሐሳቡን ሁሉ ይዞበት ይቀመጣል።

አንድ ነገር ግን እንዳይሳሳቱ፦ መሰላቸት ብቻውን ፈጠራን አይወልድም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ላይ፣ የስልክ ቁጥር በመገልበጥ ሥራ የተሰላቹ ሰዎች ከዚያ በኋላ «የፕላስቲክ ኩባያ ለምን ለምን ይጠቅማል?» ሲባሉ ካልተሰላቹት የበለጠ ሐሳብ አመንጭተዋል። ተሳታፊዎቹ ግን ዐዋቂዎች ነበሩ፤ የሚያሰላስሉትም ነገር ተሰጥቷቸው ነበር። ልጅም እጁን የሚያስገባበት ነገር ይፈልጋል። ባዶ ክፍል ውስጥ የተተወ ልጅ ይከፋዋል እንጂ አይፈጥርም።

ጥያቄ፦ የልጆቼ ክፍል በመጫወቻ ተጨናንቋል፤ ግን አንዱንም ከአምስት ደቂቃ በላይ አይዙትም። ምን ዓይነት መጫወቻ ብገዛ ይሻላል?

መልስ፦ ምንም አይግዙ፤ ይልቅ ያለውን ይቀንሱ። በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ18 እስከ 30 ወር የሆናቸውን 36 ሕፃናት አንዴ በ4፣ አንዴ በ16 መጫወቻ አጫውተው ነበር፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። መጫወቻው 4 ሲሆን ሕፃናቱ እያንዳንዱን ረዘም ላለ ጊዜ ይዘው፣ በብዙ ዓይነት መንገድ ተጫውተውበታል። ስለዚህ ሁለት ሦስተኛውን ክዳን ባለው ካርቶን አድርገው ከዓይን ያርቁ። በየሁለት ሳምንቱ ጥቂቱን ብቻ ይቀይሩ፤ ሁሉንም በአንዴ ከቀየሩ ልጁ የጀመረው ጨዋታ አብሮ ይሄድበታል።

በተለቀቀው ቦታ አንድ ሣጥን ያስቀምጡ። ሲሞን ኒኮልሰን የተባለ ሠዓሊና ቀራፂ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ አንድ ቦታ ላይ የሚንቀሳቀስ፣ የሚፈታና የሚገጠም ነገር በበዛ ቁጥር የፈጠራ ዕድሉም ይሰፋል። ሣጥኑ ውስጥ ከ30 እስከ 40 የሚሆን ቆርኪ፣ 10 የሽንት ቤት ወረቀት ጥቅል ካርቶን፣ 12 የልብስ መቆንጠጫ፣ ሁለት ስስ አንሶላ፣ አንድ ጥቅል የወረቀት ፕላስተርና ጫፉ ደነዝ የሆነ መቀስ ይግባ። ከአጠገቡ ሁለት ሦስት ትልልቅ ካርቶን። አንድ ዓይነት ዕቃ ብዛት እንዲኖረው የምንለው በምክንያት ነው፤ አንድ ቆርኪ ቆሻሻ ነው፣ 40 ቆርኪ ግን ገንዘብም፣ ወታደርም፣ የአጥር ግንብም ይሆናል።

የሚበላሽበትንም አስቀድመው ይወቁት። ሙጫ እስኪደርቅ ስለሚያስጠብቅ ትንንሾቹን ተስፋ ያስቆርጣል፤ ፕላስተር የምንመርጠው ለዚህ ነው። በሁለት ወንበር መካከል የሚወጠር ድንኳን በወፍራም ብርድ ልብስ ከተሠራ መቆንጠጫው አይዘውም፣ ወንበሩም ይገለበጣል፤ ስሱን አንሶላ ያድርጉና ወንበሮቹ መቀመጫ ላይ ሦስት አራት መጽሐፍ ይጫኑ። ወፍራም ካርቶን በልጆች መቀስ አይቆረጥም፤ ልጁ መስመሩን ያሥምር፣ በስለት የሚቆርጠው ዐዋቂ ይሁን። መስመሩ ጠማማ ነው ብለው ግን አያቃኑለት።

ቤት ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ካለ፣ በሽንት ቤት ወረቀት ጥቅሉ ካርቶን ቀዳዳ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ከሣጥኑ ይውጣ፤ ሊያንቀው ይችላል። ቆርኪውም ያልፋል። ረጅም ገመድም ለትንንሾች አይሰጥም። ክብ ጠፍጣፋ የሰዓት ባትሪና ትንንሽ ኃይለኛ ማግኔት ግን በየትኛውም ዕድሜ እዚያ ሣጥን ውስጥ አይገቡም፤ ከተዋጡ የውስጥ አካል ይጎዳሉ፣ ሕይወትም ያጠፋሉ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው። ስክሪን በቀን ስንት ሰዓት ይፈቀድላት?

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ካነሰም እንደሚሻል ይመክራል። በእሷ ዕድሜ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ በእንቅስቃሴ ማለፍ አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 60ው ሩጫና ዝላይን የመሰለ ጠንከር ያለ ይሁን። በተግባር ሰዓት ከመቁጠር ቀላል የሚሆነው፣ ማዕድ ላይና ከመኝታ በፊት ጨርሶ ስክሪን እንዳይኖር ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ በዱቄትና በጨው መጫወቻ ሊጥ ሠርተን ነበር። መጀመሪያ እጃችን ላይ ተጣበቀ፤ ስናደርቀው ደግሞ ተሰነጣጠቀ።

መልስ፦ የተጣበቀው ውኃውን በአንድ ጊዜ ስላፈሰሳችሁት ይመስላል። መጠኑ ሁለት ስኒ ዱቄት፣ አንድ ስኒ የደቀቀ ጨው፣ እስከ አንድ ስኒ ለብ ያለ ውኃ ነው። ዱቄቱንና ጨውን በደረቁ ቀላቅሉ፤ ሦስት አራተኛውን ውኃ ጨምራችሁ እሹት፤ የቀረውን በማንኪያ እያያችሁ አክሉ። ጣት ሲጫን ምልክቱ የሚቀር፣ ግን የማይጣበቅ ሲሆን ደርሷል። ለ8 ወይም ለ10 ደቂቃ መታሸት አለበት፤ ይህንን ለልጆቹ ተዉላቸው። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል፤ እዚህ ግን የሚፈለገው ማቡካቱ ራሱ ነው።

የተሰነጠቀው ውጪው ከውስጡ ቀድሞ ስለደረቀ ነው። ውፍረቱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከፀሐይ ይልቅ ጥላ ውስጥ፣ በየጊዜው እየተገላበጠ ሁለት ሦስት ቀን ይድረቅ። ጨው የበዛበት በመሆኑ ብዙ ከተበላ ይጎዳል፤ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ለሚያስገባ ልጅ አይሰጥም። እናንተ ናሙና ሠርታችሁ አታሳዩአቸው፤ የእናንተን ዝሆን ያየ ልጅ የራሱን ያፈርሰዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ ነገር በሠራች ቁጥር ለልጄ ተለጣፊ ኮከብ እሰጣታለሁ። አሁን «ኮከብ አለው?» ሳትል አትጀምርም።

መልስ፦ ኮከቡን ይተዉት። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመ የታወቀ ጥናት፣ ሥዕል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ሽልማት እንደሚያገኙ ተነግሯቸው ከሣሉ በኋላ፣ በነፃ ሰዓታቸው ለሥዕል ያላቸው ፍላጎት እንደቀነሰ አሳይቷል። ድንገት የተሸለሙት ላይ ግን ይህ አልታየም። ለጥቂት ቀን ትቀዛቀዛለች፤ ይታገሱ። ሥራዋን ስታሳይዎት «በጣም ያምራል» ከማለት ያዩትን ይንገሯት፦ «ቀዩን ቆርኪ ከላይ አድርገሻል፤ ሳይወድቅ እንዴት ቆመ?» ሲመሽ ደግሞ ያልተጨረሰውን አያፍርሱባት። አንድ ሰፊ ሰሌዳ ወይም የካርቶን ክዳን ይስጧትና እሱ ላይ ትሥራው፤ እራት ሲደርስ እንዳለ ተነሥቶ አልጋ ሥር ይገባል፣ ነገም ካቆመችበት ትቀጥላለች።