ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ልጄን ልድር ነው፣ ፊቴ ግን ከዕድሜዬ ቀደመ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 53 ነው። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ቡናና ሻይ እሸጣለሁ። የወር አበባዬ ከቆመ 2 ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ መስታወት ማየት አስጠላኝ። ጉንጬ ላይ ማድያት ወጣ፣ አንገቴ ተጨማደደ፣ ፀጉሬ ሸብቶ ሳሳ። ጎረቤቴ ያሳየችኝን ክሬም ከገበያ ገዝቼ 8 ወር ተቀባሁ። በትንሽ ብልቃጥ ነው የሚሸጠው፣ ስም የለውም። መጀመሪያ ፊቴን ጥርት አደረገው። አሁን ግን ፀሐይ ሲያገኘኝ ያቃጥለኛል። ሁለት ቀን ካልተቀባሁ ደግሞ ፊቴ ይቀላል፣ ያሳክከኛል። ጥር ላይ ልጄን ልድር ነው። ልጆቼ «በዚህ ዕድሜሽ ለማን ብለሽ ነው?» ይሉኛል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለልጆችዎ ልመልስ። ልጇን የምትድር እናት ማማር ካልፈለገች ማን ይፈልግ? እኔ ጋ ስለ መልካቸው ሊያማክሩ የሚመጡ ብዙ ሴቶች ስለ ራስ ምታት አውርተው፣ ዋናውን ጉዳይ የሚያወጡት ለመውጣት ሲነሱ ነው። ያፍራሉ። ስም የለሽ ብልቃጥ ገዝቶ በድብቅ መቀባትን የሚያመጣውም ይኸው ሐፍረት ነው። ስለጻፉልኝ ደስ ብሎኛል።

ከደብዳቤዎ ያሳሰበኝ ክሬሙ ነው። በሳምንታት ውስጥ የሚያጠራ፣ ሲያቆሙት ደግሞ የሚያቀላና የሚያሳክክ ክሬም ብዙውን ጊዜ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳን መቅላትና ማሳከክ የሚያበርድ መድኃኒት አለበት። ክሎቤታሶል አንዱ ነው። ለአንዳንድ የቆዳ በሽታ እኛም እናዘዋለን፣ ግን ለወራት ፊት ላይ የሚቀባ መድኃኒት አይደለም። ቆዳን ያሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያወጣል፣ ብጉር ያመጣል። ሰፊ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ከተቀቡት ወደ ደም ገብቶ ስኳርና ደም ግፊትን ይጨምራል። እንዲህ ያሉ ክሬሞች ውስጥ ሃይድሮኪኖን የሚባል ቆዳን የሚያነጣ ኬሚካልም ይደባለቃል። እሱም ያለ ሐኪም ቁጥጥር ሲረዝም ፊትን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ያደርገዋል፤ ያ ጥቁረት በቀላሉ አይለቅም።

እንዲህ ባሉ ክሬሞች ውስጥ ከሚገኘው ሁሉ የከፋው ሜርኩሪ የሚባለው መርዛማ ብረት ነው። ኩላሊት ይጎዳል። ከፊትዎ ወደ ፎጣና ትራስ፣ ከዚያም ወደ ልጆችና የልጅ ልጆች ይተላለፋል። ሚናማታ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ ከገበያ እንዲወጣ አገሮች ወስነዋል፤ ስም በሌለው ብልቃጥ ውስጥ ግን ማን ይቆጣጠረዋል?

ስለዚህ ዛሬውኑ ያቁሙ፣ በዚህ ሳምንት ውስጥም ሐኪም ይዩ። ቢቻል የቆዳ ሐኪም ጋ እንዲልኩዎ ይጠይቁ። ካቆሙ በኋላ ፊትዎ ለጥቂት ሳምንታት ይቀላ ይሆናል፣ ያቃጥል ይሆናል። ብዙ ሴት «አልተስማማኝም» ብላ ወደ ብልቃጡ የምትመለሰው እዚህ ጋ ነው። አይመለሱ። ሐኪሙ ይህን ጊዜ የሚያሻግርዎ መድኃኒት ያዝልዎታል። የደም ግፊት፣ የስኳርና የኩላሊት ምርመራም ይፈልጋሉ። ከባድ ድካም፣ ማዞር ወይም ማስታወክ ከመጣብዎ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

አሁን ወደ ማድያቱ። የእኛ ዓይነት ጠቆር ያለ ቆዳ ሲያረጅ ከመጨማደዱ በፊት ቀለሙ ይዥጎረጎራል። ይህንንም በዋናነት የሚያመጣው ፀሐይ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ጨረሩ ይበረታል። የሐይቁ ነፋስ ደግሞ ፊትን ስለሚያቀዘቅዝ መቃጠላችን አይታወቀንም። ደመናም ቢሆን ሁሉንም ጨረር አያግድም።

በእርስዎ ሥራ ሌላም ነገር አለ፦ ከሰሉ። ጀበናውን ለማየት ጎንበስ ባሉ ቁጥር ወላፈኑ የሚያገኘው ጉንጭዎን ነው። ሙቀት ብቻውን ማድያትን ያባብሳል። ምድጃውን ከወንበርዎ ራቅ፣ ዝቅም አድርገው ወደ ጎን ያኑሩት፤ ሲያራግቡ ፊትዎን ያዙሩ። መደቡን ዛፍ ጥላ ሥር ያድርጉ፣ በተለይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት። ነጠላዎን ወደ ብርሃን ዘርግተው ይዩት። ሰማዩ በውስጡ ከታየዎ ፀሐይም ያልፋል ማለት ነው፤ አጥፈው ደርበው ይልበሱት። ሰፊ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ደግሞ ይበልጣል።

የፀሐይ መከላከያ ክሬም ከቻሉ ኤስፒኤፍ (የመከላከል ኃይሉን የሚያሳየው ቁጥር) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ይግዙ። ለማድያት የሚሻለው የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ነው፤ ውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ የሚታየውንም ብርሃን ይከላከላል። በሁለት ጣት ርዝመት አውጥተው ፊትና አንገትዎን ይቀቡ፣ ውጭ ከዋሉ በየ2 ሰዓቱ ይድገሙ። ዋጋው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ካልሆነ ጥላው፣ ባርኔጣውና የታጠፈው ነጠላ ብዙ ይሠራሉ። ማታ በለስላሳ ሳሙና ታጥበው፣ ፊትዎ እርጥብ እያለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን በስሱ ይቀቡ። የማድያቱን መድኃኒት ሐኪሙ የሚጀምርልዎ ፊትዎ ሲረጋ ነው፣ ለውጡም የሚታየው ከ2 ወይም 3 ወር በኋላ ነው። ሎሚ እንዳይቀቡ አደራ! ሎሚና ፀሐይ ሲገናኙ ቆዳ ይቃጠላል፣ ጠባሳውም ይጠቁራል። ወይባ መሞቅ ከወደዱ ለጊዜው ይታገሡ። ሙቀቱ ማድያቱን ይቀሰቅሳል፣ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ጭስም ራስን እስከ መሳት ያደርሳል።

የወር አበባ በቆመ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ቆዳ ወጥሮ ከሚይዘው ኮላጅን ከሚባል ነገር ወደ 30 በመቶ የሚሆነውን ያጣል። መስታወቱ በድንገት የተለወጠብዎ ለዚህ ነው፣ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ለጥቃቅን መስመሮች ትሬቲኖይን የሚባል የሌሊት ቅባት ይረዳል፤ እሱም ቆይቶ በሐኪም ትእዛዝ። የወረደ ጉንጭ የሚያነሳ ክሬም ግን የለም። አለ የሚልዎትን አይመኑ። ሌሊት እያላበዎት እንቅልፍ ካጡ፣ ወይም ሐዘኑ ከመልክዎ አልፎ ሥራና ሰው ካስጠላዎት፣ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩት። መፍትሔ አለው።

ፀጉርዎን በተመለከተ፣ መሳሳቱ ከማረጥ ሊመጣ ይችላል፤ የደም ማነስና የእንቅርት ዕጢ ችግርም ያሳሳል፣ ስለዚህ ደም ይመርመሩ። ሹሩባ ሲሠሩ ግንባር ላይ ጠበቅ አድርገው አይጎተቱ። ሽበቱን መቀባት ካማረዎት ይቀቡ፤ ንጹሕ ሂና ጥሩ ነው። ጥቁር ቀለም ከሆነ ግን ከጆሮዎ ጀርባ ጥቂት ነክተው 48 ሰዓት ይጠብቁ። ካሳከከ ወይም ካበጠ ይተዉት። ከሠርጉ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ፊትዎ ላይ አዲስ ነገር አይሞክሩ። ሜካፕ የምትሠራዎትንም ልጅ ቀድመው አንድ ቀን ያስሞክሯት።

ብልቃጡን ደግሞ እንዳይጥሉት፣ ለጎረቤትም እንዳይሰጡት። በፕላስቲክ ጠቅልለው ለሐኪሙ ይዘውለት ይሂዱ። ለጎረቤትዎም ይንገሯት፣ አብራችሁ ብትሄዱ ይሻላል።