ሦስተኛውን አስጠኚ ለምን ተውሽው?

ለአምዱ አዘጋጅ፣

ከሰላምታ በኋላ፤ ይህን የምጽፍልዎ ትዕግሥቴ ተሟጦ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አራት የስፓኒሽ ቋንቋ አስጠኚዎች ቀያይሬአለሁ። አራቱም ገንዘቤን ተቀብለዋል፤ አንዳቸውም ግን ለፈለግሁት ነገር አላበቁኝም። የምዘጋጀው «ዴሌ» ለሚባለው የስፓኒሽ ፈተና ነው፤ ለዚያውም ለሲ1፣ ከስድስቱ ደረጃዎች ለአምስተኛው።

የመጀመሪያዋ በስፓኒሽ አፏን የፈታች ናት። የመረጥኳትም ለዚሁ ነበር። ሰዓቱን ሙሉ እናወራለን፤ ስለ ልጆቿ፣ ስለ አየሩ፣ ማታ ስላየችው ፊልም። ስንጨርስ «ፔርፌክቶ!» (እንከን የለሽ!) ትለኛለች። ስድስት ወር ሙሉ «ፔርፌክቶ» ስባል ከረምኩ። አንድ ቀን ግሡ እዚህ ቦታ ላይ ለምን በ«ሱብኹንቲቮ»፣ ምኞትና ጥርጣሬ በሚነገርበት የግሥ መልክ፣ እንደገባ ብጠይቃት፣ «እንዲሁ ነው የምንለው» ብላ አለፈችው።

ሁለተኛው የእሷ ተቃራኒ ነው። ከሰዋስው በቀር የሚያውቀው የለም። የግሥ እርባታ በሠንጠረዥ እየሠራ ደብተሬን ሞላው። የፈተናውን ወረቀት ዓይቶት እንደማያውቅ የገባኝ ከአራት ወር በኋላ ነው። የጽሑፉ ክፍል የሚጀምረው ንግግር በማዳመጥ መሆኑን ስነግረው ደነገጠ።

ሦስተኛው በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ልጅ ነበር፤ ብዙም አልቆየንም። ሦስት ደቂቃ ያናግረኝና ድምፄን ቀድቶ መልሶ ያሰማኛል። ባሕርያችን ስላልገጠመ በሦስተኛው ሳምንት ተውኩት።

አራተኛዋ የፈተና ሞዴል እየደረደረች ታሠራኛለች። የጽሑፍ መግቢያና መደምደሚያም በቃሌ አስያዘችኝ። በእሷ ተማምኜ ተፈተንኩ። ውጤቱ ሲመጣ በአንደኛው ምድብ ከ50 44፣ በሁለተኛው ከ50 26 ይላል። ደምሬ 70 ሲሆንልኝ እልል ማለት ቀረኝ። ከሥሩ ያለውን አነበብኩ፤ «ኖ አፕቶ»፣ አላለፈችም። በእያንዳንዱ ምድብ ቢያንስ 30 ማምጣት ግዴታ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። አራት ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ይህችን አንዲት ነገር ሊነግረኝ አይገባም ነበር?

አሁን አምስተኛ አስጠኚ እየፈለግሁ ነው። ማስታወቂያው ሁሉ ያማረ ነው፤ ሁሉም «በአጭር ጊዜ» ይላል። በቋንቋው አፉን የፈታ ይሻለኛል ወይስ እንደ እኔ ተምሮ የደረሰበት? ጓደኛዬ ደግሞ «ማለፍና መውደቅ የሌለበት ሲኤሌ የሚባል ፈተና አለ፤ እሱን ውሰጂና ተገላገዪ» ትለኛለች። ባለቤቴ በእጅሽ ያለው፣ ከሲ1 በአንድ ደረጃ የሚያንሰው የቢ2 ዲፕሎማ ይበቃሻል ይላል።

እውነቱን ልንገርዎ። ይህን ሁሉ የምለፋው አስተርጓሚ ለመሆን ነው። ስጽፍ እጄ አይያዝም። አፌን ስከፍት ግን የማውቀው ሁሉ ይጠፋብኛል፤ የራሴን ድምፅ በስፓኒሽ ስሰማው ደግሞ የሌላ ሰው ይመስለኛል፣ አፍራለሁ። ጥፋቱ የአስጠኚዎቹ ነው እያልኩ ቆየሁ። ምናልባት ምላሴ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረ ይሆን? ልተወው?

አራት አስጠኚ ያደከመኝ

*

እህቴ፣

ሦስተኛው ልጅ አሁን የት ነው ያለው?

የመጀመሪያዋ አስጠኚሽ ያየችውን ፊልም ሳይቀር ጻፍሽልኝ። የሁለተኛውን ሠንጠረዥ፣ የአራተኛዋን ሞዴል አወራሽኝ። ስለዚህ ልጅ ስትደርሺ ግን ብዕርሽ ፈጠነ፤ «ባሕርያችን ስላልገጠመ» ብለሽ አለፍሽው። ከደብዳቤሽ ግርጌ ደግሞ የራስሽን ድምፅ ስትሰሚ እንደምታፍሪ ነገርሽኝ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጬ ደጋግሜ አነበብኳቸው። ልጁ የሚያምሽን ቦታ አገኘው፤ አንቺም እጁን አስነሣሽው። በባሕርይ አታሳብቢ።

ውጤትሽም ይኸንኑ ይመሰክራል። በሲ1 ፈተና ንባቡና ጽሑፉ አንድ ምድብ ናቸው፤ ማዳመጡና ንግግሩ ሌላ ምድብ። 44ቱ የዓይንሽና የእጅሽ ነው፤ 26ቱ የጆሮሽና የአፍሽ። ጠንካራው ምድብ ደካማውን ተሸክሞ እንዲያሻግር ፈተናው አይፈቅድም፤ እኔም ይህን ሕግ እወደዋለሁ። ሰነድ አሳምሮ ጽፎ ሰው ፊት መናገር ለሚያቅተው ሰው «የላቀ ተናጋሪ» የሚል ወረቀት ቢሰጥ ወረቀቱ ምን ዋጋ ይኖረዋል? ያለፍሽው ምድብም ለሚቀጥለው አይቆይልሽም፤ ሁለቱን በአንድ ዙር ማለፍ አለብሽ። ይህን አራቱም አለመንገራቸው ያሳዝናል። ግን ፈተናውን የሚያዘጋጀው ሴርቫንቴስ ኢንስቲትዩት የተፈታኞች መመሪያውን ለማንም ክፍት አድርጎ አስቀምጦታል። ሁለት ዓመት ስትዘጋጂ አንድ ምሽት ከፍተሽ ልታነቢው ይገባ ነበር። በዚህ ከአራቱ ጋር አንቺም ተጠያቂ ነሽ።

አሁን ወደ ንግግሩ ፈተና ክፍል እንግባ። ረጅም ጽሑፍ ይሰጡሽና ለመዘጋጃ 20 ደቂቃ ታገኛለሽ። ከዚያ ትገቢና የጽሑፉን ፍሬ ነገር ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በራስሽ ቃል ታቀርቢያለሽ። ማስታወሻሽን ቃኘት ታደርጊያለሽ እንጂ አታነቢውም። በርእሱ ላይ ትወያያለሽ፤ በመጨረሻም ከቀረቡልሽ አማራጮች አንዱን ለመምረጥ ከፈታኙ ጋር ትከራከሪያለሽ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ያነጋግርሻል። ሌላው ዝም ብሎ ያዳምጥሻል፤ ንግግርሽ እንዴት እንደተያያዘ፣ እንዴት እንደፈሰሰ፣ ምን ያህል ከስሕተት እንደጸዳና የቃላትሽ ስፋት ምን ድረስ እንደሆነ ይመዝናል። በቃል የተያዘ መግቢያና መደምደሚያ እዚህ አያወጣሽም።

ያ ልጅ ሲያደርግልሽ የነበረው ምን ነበር? የሦስት ደቂቃ ንግግር፣ ከዚያም ንግግሩን ዝም ብሎ የሚመዝን ጆሮ። የፈተናውን ክፍል ጠረጴዛሽ ላይ አምጥቶልሽ ነበር። ከአራቱ ውስጥ ለፈተናው ያዘጋጀሽ እሱ ብቻ ነው፤ የሰጠሽው ግን ሦስት ሳምንት፣ ለ«ፔርፌክቶ» ስድስት ወር።

የምቆጣሽ ስለማውቀው ነው። በጎልማሳነቴ ሌላ ቋንቋ ስማር አስተማሪዬ ቴፕ መቅረጫ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ቀዳችኝ። መልሳ ስታሰማኝ በእርሳስ ወረቀት ላይ አጫጭር መስመር ታሰምራለች። ስንጨርስ ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ፤ 17 መስመር። በሦስት ደቂቃ ውስጥ «እና» ያልኩበት ቁጥር ነው። ፊቴ ጋለ። ወረቀቱን ጨምድጄ ኪሴ ከተትኩና ሁለተኛ አልመለስም ብዬ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ግን አውጥቼ ዘረጋሁት፤ ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ያስተማረኝ ያ የተጨማደደ ወረቀት ነው። በሳምንቱ 9 መስመር ሆነ። ድምፄን ግን አሁንም አልወደውም፤ መውደድም አላስፈለገኝም።

በቋንቋው አፉን የፈታ ይሻላል ወይስ የተማረ ላልሽው፣ የእኔ ምርጫ የት እንደምትደናቀፊ የሚያየው ሰው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ደግሞ ያ ሰው ራሱ እዚያው የተደናቀፈው ነው። እስቲ አንቺ በአማርኛ «መጣ» የምንለው መቼ፣ «መጥቷል» የምንለው መቼ እንደሆነ ለውጭ ሰው አስረጂ። ሳትሳሳቺ ትናገሪዋለሽ፤ ማስረዳቱ ላይ ግን «እንዲሁ ነው የምንለው» ማለትሽ አይቀርም። ያቺ ሴት ክፉ አይደለችም፤ የማታውቀውን ነው የጠየቅሻት።

ለጆሮሽ አስጠኚ አትቅጠሪ። በፈተናው የሚሰሙት ድምፆች ከስፔንም ከላቲን አሜሪካም ናቸው፤ እያንዳንዱንም ሁለት ጊዜ ታዳምጫለሽ። የቦነስ አይረስ ሰው «ዮ» (እኔ) የሚለውን «ሾ» ብሎ ይጠራል፤ የአንዳሉሲያ ሰው የቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» ይውጣታል። ይህን ሬዲዮ በነጻ ያስተምርሻል፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሳምንት የአንዱን አገር፣ በሚቀጥለው የሌላውን። ለሞዴል ፈተናም ገንዘብ አታውጪ፤ ኢንስቲትዩቱ ራሱ በነጻ ያወጣቸው አሉ፤ ሰዓት ይዘሽ ብቻሽን ሥሪ። ገንዘብሽን ልታወጪ የሚገባሽ ብቻሽን ለማትችዪው ነገር ነው፤ ለሚሰማሽና ለሚያርምሽ ሰው።

ስለዚህ ወደ ልጁ ተመለሺ። ጊዜ የለኝም ካለሽ፣ ለአዲሱ ሰው ማስታወቂያውን አንብበሽ አትወስኚ። የሦስት ደቂቃ ድምፅሽን ላኪለትና አስተያየት ጠይቂው። «በጣም ጎበዝ ነሽ» ብሎ ከመለሰልሽ አመስግነሽ ተሰናበቺ። «አንደኛው ደቂቃ ላይ ‹ሲ ቴንድሪያ› ብለሻል፤ ‹ሲ ቱቢዬራ› (ቢኖረኝ) ነው፤ ሐሳብሽን ደግሞ ሁልጊዜ በ‹ፔሮ› (ግን) ነው የምታያይዢው፤ ‹ሲን ኤምባርጎ›ን (ይሁን እንጂን) የት ጣልሽው?» ካለሽ ያዢው። የዴሌ ፈታኝነት ዕውቅና ያለው ከሆነ መልካም፤ መመዘኛውን ከውስጥ ያውቀዋል። ያም ቢሆን የድምፅ ፈተናሽን ይለፍ።

ጓደኛሽ የነገረችሽ ሲኤሌ የከበረ ፈተና ነው። ማለፍና መውደቅ የለበትም፤ ያለሽበትን ደረጃ ይነግርሻል፤ ምስክር ወረቀቱ ለ5 ዓመት ያገለግላል። የዴሌ ዲፕሎማ ግን ጊዜ አያልፍበትም። ሲኤሌን የሚጠይቅሽ መሥሪያ ቤት ካለ ውሰጂው። «ኖ አፕቶ» የሚልሽ ስለሌለ ብቻ ከሆነ ግን ይህም ሌላ ሽሽት ነው። ባለቤትሽን አልነቅፈውም፤ ደክመሽ ያየሽ ሰው ነው። ቢ2 ለብዙ ሥራ ይበቃል፤ አንቺ ለመረጥሽው ሥራ ግን አይበቃም። የሁለት ሰዎች ጉዳይ በአንደበትሽ ሊያልፍ ነው፤ ሁለቱም አፍ አፍሽን እያዩ።

ስለ ምላስሽ። ሌት ተቀን ስትጽፊ ኖረሽ፣ በሦስት ሳምንት ልምምድ ብቻ፣ ለማለፍ 4 ነጥብ ነው የጎደለሽ። አልተፈጠረልኝም የምትዪው ምላስ ገና ሥራ አልጀመረም። አትተዪው፤ በዚህ አልደራደርሽም።

ዛሬ ማታ ለልጁ መልእክት ላኪለት። በጽሑፍ አይሁን፤ በጽሑፍማ እጅሽ እንደማይያዝ ነግረሽኛል። ድምፅሽን ቀድተሽ፣ በስፓኒሽ፣ ወረቀት ሳትይዢ፣ ለምን እንደሄድሽና ለምን መመለስ እንደፈለግሽ ንገሪው። «ፔሮ» ይበዛበታል፣ አንድ ሁለት ግሥም ይሰበራል። ደግመሽ አትቅጂው። እንዳለ ላኪው።