ሐሙስ ሐሙስ ኑ

ሰላም ልጆቼ እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ "ሲስተር፣ የአንጎል ችግር ያለባቸውን ልጆችና ቤተሰቦቻቸውን ማገዝ እንፈልጋለን ከምን እንጀምር" ብላችሁ ጠይቃችሁኝ ነበር። በቴሌግራም እየቆራረጥኩ ከምመልስ አንዴ ቁጭ ብዬ ልፃፈው ብዬ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ ሞልቶኛል፣ ያስቸገረኝ አይኔ ብቻ ነው፣ ስለዚ የፊደል ስህተት ካያችሁ እለፉኝ።

መጀመሪያ ያጠፋሁትን ልናገር። ጅማና ዙሪያዋ ከ30 አመት በላይ በነርስነት ሰርቻለሁ። የዛሬ 12 አመት ገደማ የሚጥል በሽታ ክትትል ላይ ስሰራ ከቆጪ በኩል የምትመጣ አንዲት እናት ነበረች፣ የ7 አመት ልጇን አዝላ። ልጁ "ሲወለድ አላለቀሰም" ትላለች፣ አየር አጥሮት ነው የተወለደው፣ አንጎሉ ተጎድቶ እጅና እግሩ ድርቅ ያለ፣ አንገቱን በቅጡ የማይሸከም፣ በዛ ላይ ደግሞ የሚጥለው። ሁለት ጊዜ ተከታትላ ከቀጠሮ ቀረች። በሶስተኛው ስትመጣ ሰው ፊት ጮህኩባት፣ መድሃኒት ማቋረጥ ምን እንደሚያመጣ አታውቂም ወይ፣ ልጁን ልትገይው ነው ወይ፣ ያልተናገርኩት የለም። ዝም ብላ ሰምታኝ ካርዷን ተቀብላ ሄደች። ብትመልስልኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር፣ ዝምታዋ ግን እንቅልፍ ነሳኝና በሳምንቱ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቷን ጠይቄ ሄድኩ።

በሩ ከውጭ በሽቦ ታስሯል። ሳንኳኳ ከውስጥ የትንሽ ሴት ልጅ ድምፅ "እማዬ የለችም" አለኝ። በቀዳዳ ሳይ ልጁ ጆንያ ላይ በጀርባው ተንጋሏል፣ እህቱ፣ 5 አመት ቢሆናት ነው፣ አጠገቡ ተቀምጣ ዝንብ ታባርርለታለች። ጎረቤት ወጣችና "ዛሬ ሐሙስ አይደል እንዴ፣ ገበያ ናት" አለችኝ።

ጅማን የምታውቁ ገባችሁ አይደል? ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ነው፣ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ሐሙስ ነው። ሴትየዋ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ቸርችራ ነው የምታድረው፣ የሳምንቱን እንጀራ የምታገኘው በዛች ቀን ነው። ካርዱ ላይ ቀጠሮውን ሐሙስ ብዬ የፃፍኩት ደግሞ እኔ! ወደ ረቡዕ ቀየርኩላት፣ ከዛ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረችም።

እና ልጆቼ፣ ስለ በሽታው ከማንበባችሁ በፊት ስለ ቤቱ ጠይቁ የምለው ለዚህ ነው። ማነው ውሃ የሚቀዳው፣ ልጁ ማታ ይተኛል ወይ፣ ባጃጅ ይጭናቸዋል ወይ (ብዙዎቹ አይጭኑም፣ "ይጥለዋል" ሲባሉ ጥለው ነው የሚሄዱት)፣ በክረምት በዛ ቀይ ጭቃ ልጅ አዝላ እንዴት ነው አስፋልት የምትደርሰው። ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥታችሁ የምትማሩም ቢያንስ "አካም ጅርቱ" ማለትን ልመዱ፣ ብዙዎቹ እናቶች ሆዳቸውን የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው።

እናቶቹ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ "ምን ሀጢያት ሰርቼ ነው" ነው። አባትየው ብዙ ጊዜ በዚሁ ሰበብ ሄዷል። ቀስ ብላችሁ አስረዱ፣ ሴሬብራል ፓልሲ (ያ ልጅ ያለበት፣ እጅና እግር የሚያደርቀው ችግር) እርግማን አይደለም፣ አንጎል ገና እያደገ እያለ የደረሰበት ጉዳት ነው። ምጥ ረዝሞ አየር ሲያጥር፣ ወይ በተወለደ በቀናት ውስጥ ሰውነቱ በጣም ቢጫ ሆኖ ሳይታከም ሲቀር፣ ወይ ማጅራት ገትር፣ ከጊቤ በኩል ካሉ ቆላ ቀበሌዎች ደግሞ አንጎል ላይ የወጣ ወባ ይዞት ከሞት የተረፈም ብዙ አይቻለሁ። ምክንያቱ ጭራሽ የማይታወቅም አለ። ጉዳቱ ራሱ እየጨመረ የሚሄድ ነገር አይደለም፣ የሚብሰው እኛ ስንተወው ነው፣ ቀኑን ሙሉ ከተንጋለለ ጅማቱ ያጥራል መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ተኝቶ ሲያጎርሱት ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባና በሳንባ ምች ይሄዳል። ስለዚ ቀና አድርጎ ማስቀመጥ በሉት ህክምና ነው።

ያንን ልጅ በምን እናስቀምጠው ስል ትዝ ያለኝ አናፂ ነው። የጅማ ሰው በርጩማ እየሰራ ለሀገር ይሸጣል፣ እኛ ደግሞ ወንበር ከውጭ በእርዳታ እስኪመጣ እንጠብቃለን! አንድ አናፂ ጋ ሄጄ ወረቀት ላይ ሳልኩለት፣ ጀርባው እንደ ቤት ጥግ የታጠፈ፣ ጎንና ጎኑ የሚደግፍ፣ ፊቱ ላይ ጠረጴዛ ያለው። የመጀመሪያው ተበላሸ፣ ቁመቱ በዛና የልጁ እግር ተንጠለጠለ። የተንጠለጠለ እግር ይብሱን ይደርቃል፣ ውስጥ እግሩ መሬት መርገጥ አለበት፣ ዳሌውም ጉልበቱም ቁርጭምጭሚቱም በ90 ዲግሪ መታጠፍ አለባቸው። ሰውየው ሳይነጫነጭ ቆርጦ አስተካከለው፣ የማስተካከያውን ሂሳብም አልተቀበለኝም። ፊዚዮቴራፒስት ካገኛችሁ እሱ ይለካላችሁ፣ እኔ እንደ ነርስ የገባኝን ነው ያደረኩት። ልጁ ተቀምጦ በበሩ መንገደኛ ያየ ቀን እንዴት እንደሳቀ... ይቅር፣ እንባዬ ይመጣል።

የሚጥለው ልጅ ጋ ደግሞ ሁላችሁም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። ሲጥለው ሰው ሁሉ ክብሪት ሊያሸት ይሮጣል፣ ማንኪያ ጥርሱ ውስጥ ሊከት ይታገላል፣ ሌላው ደግሞ አረፋው ይተላለፋል ብሎ ይሸሻል። አይተላለፍም። ክብሪቱንም ማንኪያውንም ተዉት፣ እሳትና ድንጋይ ካለበት አርቁት፣ ጭንቅላቱ ስር ለስላሳ ነገር አድርጉ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት እዩ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይ ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ዝም ብላችሁ ወደ ሆስፒታል። ቡና የሚፈላበትና ወጥ የሚሰራበት እሳት መሬት ላይ ስለሆነ ተቃጥለው የሚመጡት ልጆች ብዛት ያሳዝናል፣ ምድጃውን ከፍ ማድረግ ወይ ዙሪያውን በጭቃ መከለል ግማሽ ቀን የማይፈጅ ስራ ነው፣ ይሄ ለእናንተ ጉልበት የተሰራ ስራ ነው።

መድሃኒት ላይ አትቀልዱ። የአለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትክክል ከታከሙ ከ100 ሰው 70 ያህሉ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ፣ ፊኖባርቢታል የሚባለው የሚጥል በሽታ መድሃኒት ደግሞ ከ1912 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ያለ ርካሽ ክኒን ነው። ችግሩ ሁለት ወር ሳይጥለው ሲቀር "ዳነ" ተብሎ ይቆማል፣ በድንገት ሲቆም ደግሞ የማያቋርጥ ማንቀጥቀጥ ይመጣል። መቀነስ የሚታሰበው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አመት ሳይጥለው ከቆየ በኋላ፣ እሱም በሀኪም፣ ቀስ በቀስ። ፀበል ወይ ዱአ የሚሉትን አትከራከሩ፣ ክኒኑን አብረው ይውሰዱ በሉ፣ እኔ በክርክር ያሸነፍኩት ሰው የለም።

እድርን ሳልረሳ። ያቺ እናት ለቅሶ መድረስ ስላልቻለች ቅጣት ተጠራቅሞባት ከእድር ልትሰረዝ ነበር እኮ። ሊቀመንበሩን ሄጄ ሳናግራቸው "እኛ ኮርታብን መስሎን ነበር" አሉ፣ ቅርብ ነው ቤታቸው፣ ልጁን አንድ ቀን አይተውት አያውቁም። ቅጣቱ ተነሳላት፣ ከዛ ሴቶቹ ቡና ሲያፈሉ እሷ ቤት ማፍላት ጀመሩ። ህግ ከፈለጋችሁ ህግም አለ፣ ህገ መንግስቱ አንቀፅ 41 ላይ አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋም መንግስት አቅሙ በፈቀደ ሀብት ይመድባል ይላል፣ የተባበሩት መንግስታት የአካል ጉዳተኞች ስምምነትም በአዋጅ 676/2002 ፀድቋል፣ ቀበሌ ስትሄዱ ይጠቅማችኋል። እኔ ግን ከቀበሌው በፊት እድሩ ጋ ሂዱ እላለሁ።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። አንድ ጊዜ የወጣቶች ስብስብ መጡ፣ ከየት እንደሆነ ይቅር፣ ቲሸርት ለብሰው ኬክና ዳይፐር ይዘው ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባት የሚያስቸግር የአንጎል እድገት ሁኔታ) ያለበት ልጅ ቤት ገቡ። ሙዚቃ ከፈቱ፣ አጨበጨቡ፣ ፎቶ በፎቶ ሆኑ። ልጁ ድምፅ ይረብሸዋል፣ ጆሮውን ይዞ ይጮሃል፣ እነሱ ቲክቶክ ይቀርፃሉ። እነሱ በአንድ ሰዓት ሄዱ፣ እናትየው ግን ሌሊቱን ሙሉ ስታባብለው አደረች። ክፉ ልጆች አልነበሩም፣ ያልጠየቁ ልጆች ነበሩ። እናትየዋ ሳትፈቅድ ፎቶ አይነሳም በቃ፣ ስትፈቅድም አይታችሁ፣ ምክንያቱም ዳይፐር ይዞ ለመጣ ሰው እንዴት ብላ እምቢ ትላለች።

እኔ ከናንተ የምፈልገው ሌላ ነው። በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ በአንድ የታወቀ ቀን፣ አንድ ቤት። ልጁን ማጉረስ ከእናቱ ተማሩና እሷን "ሂጂ" በሏት። አንዴ መጥታችሁ ከምትጠፉ ባትመጡ ይሻላል፣ ልጁም ይለምዳችኋል እሷም ቀኗን በናንተ ትቆርጣለች። ፈተና ሲደርስ ወይ ለክረምት ሀገራችሁ ስትገቡ የሚተካ ሰው አስለምዳችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የከፈተችው የራሷ ልጅ ኦቲዝም ስለነበረበት ነው፣ ነፍሷን ይማርና እናት ሆና ያንን ሁሉ ተሸክማለች፣ ሁሉም እናት ግን እሷን መሆን አይችልም፣ አይጠበቅባትምም።

ያቺ እናት ጋ ሐሙስ ጠዋት ጠዋት የጎረቤት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ትይዝላት ጀመር፣ ፈረቃዋ ከሰዓት ስለነበር። ከምሳ በኋላ እኔ ስራ ሲመቸኝ ጎራ እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሽንኩርቱን ሳትጨርስ በሩጫ ትመለስ ነበር፣ አላመነችንም፣ ልክ ናት። ኢድ የደረሰ ሰሞን አንድ ሐሙስ ግን ዘገየች። 10 ሰዓት ሆነ፣ 11 ሰዓት ሆነ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ከሄደች ቆይቷል፣ እኔ ልጁን አጉርሼ ጨርሼ በር በር አያለሁ። ሊመሽ ሲል እጆቿን ወደ ፊት ዘርግታ እንደ እንግዳ ቀስ ብላ ገባች። "ይቅርታ ሲስተር ቆየሁ" አለችኝ። ሁለቱም እጇ ላይ ሂና ነው። ሂና እኮ እስኪደርቅ ድረስ ምንም አይነካበትም።