«ዝምታዬን እንደ ኩራት ቆጠሩብኝ»

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ያደግኩት በአንዲት አነስተኛ የገጠር ከተማ ሲሆን፣ የተመደብኩበት ግቢ ከቤተሰቦቼ በአውቶቡስ የሁለት ቀን መንገድ ይርቃል። ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይን አፋር ነኝ። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ሴቶች ስንሆን፣ አምስቱ ገና በሁለተኛው ሳምንት እንደ እኅትማማች ሆኑ፤ እኔን ግን «ኩሩ ናት» እንደሚሉኝ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ካፌ ውስጥ ትሪ ይዤ መቀመጫ ስፈልግ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ስለሚመስለኝ፣ ብዙ ጊዜ ራት ትቼ እናቴ የሰነቀችልኝን በሶ አልጋዬ ላይ ሆኜ በጥብጬ እጠጣለሁ። ባለፈው ሳምንት በእንግሊዝኛ ኮርስ የቡድን ሥራችንን ስናቀርብ ተራዬ ደርሶ ቆምኩ፤ አንድ ቃል ሳይወጣኝ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ከኋላ የሳቁም ነበሩ። እናቴ በደወለች ቁጥር «ደህና ነኝ» እላታለሁ። ትምህርቱን አቋርጬ ወደ ቤት ብመለስ ይሻለኝ ይሆን?
ዓይን አፋሯ

መልስ፦ ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ያሳሰበኝ ራት ሳትበዪ ማደርሽ ነው። በሶ ብቻ ጠጥታ ያደረች ልጅ በማግስቱ ክፍል ገብታ እጇን ለማውጣት አቅሙም ልቡም አይኖራትም። ካፌ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ጋር ግቢ። ጠረጴዛው ገና ባዶ ስለሚሆን ትሪ ይዘሽ አትዞሪም፤ አንቺ ወዳለሽበት የሚመጡት ሌሎቹ ይሆናሉ።

«ኩሩ ናት» መባልሽ እንዳመመሽ ይገባኛል። እኛ ዘንድ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ፣ በታላላቆች ፊት የማትናገር ልጅ «ጨዋ፣ ጭምት» እየተባለች ታድጋለች። ስትመሰገኚበት የኖርሽው ጠባይ ነው በሁለት ቀን መንገድ ስሙ የተለወጠብሽ። በሰፈርሽ የማን ልጅ እንደሆንሽ ሁሉም ስለሚያውቅ ዝምታሽን የሚተረጉምልሽ ሰው ነበረ፤ ዶርም ውስጥ ግን ስድስታችሁም ከየአቅጣጫው የመጣችሁ ናችሁና እያንዳንዷ የመሰላትን ትተረጉማለች። ስለዚህ ጠባይሽን ለውጪ አልልሽም፤ ትርጉሙን አንቺው ንገሪያቸው እልሻለሁ። ለአምስቱም በአንድ ጊዜ አይሁን። ከአልጋሽ በላይ ወይም በታች ለምትተኛው ለአንዷ ብቻ «እስክላመድ ድረስ መናገር ይከብደኛል እንጂ እናንተን ጠልቼ አይደለም» በያት። ለሌሎቹ እሷው ታደርስልሻለች።

ያን በሶም ከብርድ ልብስ ሥር አውጪው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልብስ ታጥቦ ሁሉም ዶርም በሚሰበሰብበት ሰዓት፣ በጨውና በበርበሬ ለውሰሽ ጭብጦ አድርጊና በሳህን መሀል ላይ አስቀምጪ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ብዙ አይጠየቅም። አንዷ እንዴት እንደሚሠራ ትጠይቅሻለች፣ ሌላዋ የእናቷን ቆሎ ወይም ድርቆሽ ታወጣለች፤ አንቺም የምትመልሺው ገብሱ እንዴት እንደሚቆላ፣ እናትሽ ምን እንደምትጨምርበት፣ ማለትም ከማንም በላይ የምታውቂውን ይሆናል። ዓይን አፋር ሰው የሚከብደው ያለ ምክንያት ተነሥቶ ወሬ መጀመር ነው፤ ምክንያቱ በሳህን ላይ ሲቀርብለት ግን ከጠበቀው በላይ ይናገራል። ለብዙ ዓመታት ሳስተምር ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ወደ ክፍሉ ልምጣ። ቆመሽ ዝም ያልሽበት ቀን አንቺ እንደምታስቢው በሌሎች ልብ ተጽፎ አልቀረም፤ ከሳቁት መካከል የራሱን ተራ እየፈራ የሳቀ እንደሚኖር አልጠራጠርም። ቢሆንም ነገሩን ዝም ብለሽ አትለፊው፤ ምክንያቱም በብዙ ኮርሶች ከውጤቱ ግማሽ ያህሉ ከመጨረሻው ፈተና ውጪ በአሳይመንት፣ በኩዊዝና በመሳሰሉት የሚያዝ ሲሆን፣ በዓመቱ መጨረሻ ዲፓርትመንት ስትመርጪም የፍሬሽማን (የአንደኛ ዓመት) ውጤትሽ ይታያል። መምህሩን ወይም መምህርቷን በቢሮ ሰዓት ብቻሽን ሄደሽ አነጋግሪ። በሩ ላይ ቃል እንዳይጠፋብሽ የምትይውን በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፦ «ያለፈው ሳምንት ክፍሌን ተዘጋጅቼበት ነበር፤ ሰው ፊት መቆም ስለሚያስፈራኝ ነው ያላቀረብኩት፤ ሌላ ዕድል ይሰጠኝ?» ይህን ሰምቶ የሚቆጣ መምህር ቢኖር ጥፋቱ የእሱ ነው፤ አብዛኞቹ ግን ሊረዱሽ ይፈልጋሉ፤ ችግሩ ካልተነገራቸው ዝም ያለውን ካልተዘጋጀው መለየት አለመቻላቸው ነው።

በሚቀጥለው የቡድን ሥራ ደግሞ መግቢያውን እኔ ላቅርብ በዪ። ተራ በመጠበቅ ልብሽ አይደክምም፤ መግቢያ አጭር ነው፤ ሲያልቅም ተገላግለሽ ትቀመጫለሽ። ሁሉንም በቃልሽ አትያዢ፤ አንዱ ቃል ሲጠፋ ሌላው አብሮ ይጠፋልና። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ እንደ ስምሽ እስኪሆኑልሽ ድረስ ደጋግመሽ አጥኚ። ማታ ባዶ ክላስ ፈልገሽ፣ ያቺን የዶርም ጓደኛሽን መጨረሻው ወንበር ላይ አስቀምጠሽ፣ እሷ እስክትሰማሽ ድረስ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ተናገሪ። እንግሊዝኛሽ ቢሰባበር አትሸበሪ፤ ኮርሱ ለፍሬሽማን ተማሪ የተሰጠው ገና የሚማር ስለሆነ ነው።

በግቢው ውስጥ በየእምነቱ የሚሰባሰቡ ተማሪዎችም አሉ፤ ግቢ ጉባኤ፣ ጀመዓ ወይም ፌሎውሺፕ ቤትሽ የለመድሽውን ሥርዓት ስለሚመስልሽ መነሻ ሊሆንሽ ይችላል።

ትምህርት ማቋረጡን አሁን አልመክርሽም፤ አንድ ሴሚስተር እንኳ ሳይሞላ የተወሰነ ውሳኔ የፍርሃት ውሳኔ ይሆናል። ከዚህ ሁሉ በኋላ መቋረጡ የግድ ቢሆን እንኳ ሬጅስትራር ሄደሽ የዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ) ፎርም ሳትሞዪ ዝም ብለሽ እንዳትወጪ፤ ያለ ፎርም የጠፋ ተማሪ ተመልሶ ለመግባት ይቸገራል። እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ጨርሶ አልወርድ ካለሽ፣ ወይም መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ይህ ከዓይን አፋርነት አልፏልና አንድ ቀን እንኳ ሳታሳልፊ የግቢውን ክሊኒክ ወይም የምክር አገልግሎት ጠይቂ፤ ለሴት ተማሪዎች የቆመው የሥርዓተ ፆታ ቢሮም በሩ ለአንቺ ክፍት ነው።

እናትሽንም «ደህና ነኝ» ብለሽ ብቻ አትሸኚያት። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት በሶውን የሰነቀችልሽ ብቻሽን እንድትጠጪው አይመስለኝም። በሚቀጥለው ስትደውል እንደከበደሽ ንገሪያት፤ ቀጥለሽም ጭብጦውን እንዴት አድርጋ እንደምትለውሰው ጠይቂያት።