ከቀመሩ በፊት በረቱን እዩ

ይድረስ ለወጣት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች፣

ልጆቼ፣ ከምታሳዩኝ ረቂቆች ብዙዎቹ መልካቸው አንድ ነው። በአንድ በኩል ጂዲፒ (ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት)፣ በሌላ በኩል የካርቦን ልቀት፣ መሀል ላይ ሁለቱን በስታቲስቲክስ የሚያዛምድ ሬግሬሽን። ከዚያ «ዕድገቱ አንድ በመቶ ሲጨምር ልቀቱ በዚህን ያህል ይጨምራል» ይላል። ስሌቱ ላይ ስህተት አላየሁም። የማላየው አገሩን ነው።

ይህ አካሄድ የሚያዋጣው ፋብሪካውም መብራቱም በድንጋይ ከሰልና በነዳጅ በሚሠራበት አገር ነው። ጃፓናዊው ዮይቺ ካያ ልቀትን በሕዝብ ብዛት፣ በነፍስ ወከፍ ገቢ፣ ለምርት በሚፈጀው ኃይልና ከኃይሉ በሚወጣው ካርቦን ብዜት ሲገልጸው፣ የሚያወራው ስለ ኃይል ነው። የኛ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ደግሞ ከሞላ ጎደል ከውኃ ነው የሚመነጨው። ልቀታችን በብዛት ያለው ከብቱ፣ እርሻውና ደኑ ዘንድ ነው። ከጫካ የሚለቀመው ማገዶ እንኳ ገበያ ስለማይወጣ ብሔራዊ ሒሳቡ ውስጥ የሚገባው በግምት ነው።

እስቲ ከብቱን አብረን እናስላው። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል በ2006 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአፍሪካ፣ የወተት ላም ላልሆነ ከብት በዓመት 31 ኪሎ ሚቴን (ከብቱ የበላውን ሲፈጭ የሚለቀው ጋዝ) ይመድባል። ሚቴን በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ስለሚያሞቅ፣ በ28 ስታባዙት ለአንድ ከብት 868 ኪሎ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አቻ ይወጣል። የቦረናው በሬም የጎጃሙም ያው 31 ነው፤ ጠግቦ ቢያድር፣ ጭድ ቢያጣ ለውጥ የለውም። መመሪያው ራሱ ቁጥሩ ከ30 እስከ 50 በመቶ ሊዛነፍ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። እናንተ ግን ውጤታችሁን እስከ ሦስት አሃዝ አስርዮሽ ትጽፉታላችሁ! ደግሞ ገበሬው መኸሩ ሲያምርለት ገንዘቡን ጥጃ ይገዛበታል፣ ሲቸግረው ይሸጣል። ስለዚህ ገቢና ልቀት የሚገናኙት በመንጋው በኩል ነው፤ መንጋው ያልገባበት ሞዴል ይህን ሊያሳያችሁ አይችልም።

ሌላው የመነሻ ዓመቱ ነገር ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገራችን የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ የ2010 እ.ኤ.አ.ን ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ብሎ አስቀመጠው። በ2021 እ.ኤ.አ. ለተባበሩት መንግሥታት የቀረበው የተሻሻለ የልቀት ቅነሳ ሰነድ ያንኑ 2010 ወደ 247 ሚሊዮን ቶን አደረሰው። ዓመቱ ያው ነው፣ የተለወጠው የልቀቱ ስሌት ነው። ሁለቱን ሰነዶች ቀጥላችሁ አንድ ተከታታይ ዳታ ካደረጋችኋቸው ሞዴላችሁ ያልነበረ ዕድገት ያገኝላችኋል።

እኔን ብትጠይቁኝ ከሬግሬሽኑ ይልቅ በዘርፍ የተከፋፈለውን፣ አንዱ ዘርፍ ከሌላው ምን ያህል እንደሚገዛ የሚያሳየውን የግብዓትና ውጤት ሠንጠረዥ እመርጣለሁ። ኢኮኖሚስቱ ዋሲሊ ሊዮንቲየፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ብክለትን ራሱን በሠንጠረዡ አንድ ረድፍ አድርጎ አስገባው። ጥቅሙ በሲሚንቶ ላይ ጎልቶ ይታያል። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል አንድ ቶን ክሊንከር (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጠጠር) ግማሽ ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ይህ የምድጃውን ነዳጅ ሳይጨምር ነው። መብራቱ ከግድብ ቢመጣም ኮንዶሚኒየም በተገነባ ቁጥር ልቀቱ ይከተላል፣ ሠንጠረዡም መንገዱን ከቤት ሠሪው እስከ ምድጃው ያሳያችኋል። ጉድለቱ ቋሚ ኮኤፊሸንት (ለአንድ ምርት የሚገባውን የግብዓት መጠን) መያዙ ነው፤ ቴክኖሎጂ ሲለወጥ ያረጃል። ስለዚህ የስንት ዓመት ሠንጠረዥ እንደያዛችሁ ጻፉ።

የሚቀጥለውን ረቂቅ ስትልኩልኝ እያንዳንዱ ቁጥር የት፣ መቼና በየትኛው መመሪያ እንደተለካ የመጀመሪያው ገጽ ላይ አስፍሩልኝ። ሬግሬሽኑን ከዚያ በኋላ አየዋለሁ።