«እናቴ ግላኮማ ተገኘባት፤ ትታወራለች ወይ?» ለሚለው ጥያቄ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላነበቡት ባጭሩ፦ እናትሽ 61 ዓመታቸው ነው፤ መነጽር ሊያሠሩ ሄደው ግላኮማ ተገኘባቸው። የዓይን ግፊታቸው ቀኝ 34፣ ግራ 22 (በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ) ነበር። ቲሞሎል የሚባል የዓይን ጠብታ ጀምረው አሁን 17 እና 16 ደርሷል። ታላቅ ወንድማቸው በዚሁ በሽታ ዓይነ ስውር ሆነዋል፤ እናትሽ ደግሞ የደም ግፊት ክኒን ማታ ማታ ይወስዳሉ። «ግፊቱ ስለወረደ ተረፈች ማለት ነው ወይስ እንደ አጎቴ ትሆናለች?» ነው ያልሽው።

መውረዱ ጥሩ ነው፤ 17 የሚለው ቁጥር ብቻውን ግን ምንም አይነግርሽም። ግላኮማ የሚጎዳው ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን የእይታ ነርቭ ስለሆነ፣ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት በሽታው ሲገኝ ነርቩ ምን ያህል ተጎድቶ ነበር የሚለው ነው። በግላኮማ ብርሃናቸውን ከሚያጡት ብዙዎቹ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመረመሩ አንዱ ዓይናቸው ያለቀለት ነው። በሽታው አያምም፤ አንዱ ዓይን የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል፤ ሰውየው ደረጃ ሲስት ወይም ከጎኑ የመጣ ሰው ሲያስደነግጠው «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። የጠፋውን ደግሞ ጠብታም ቀዶ ሕክምናም አይመልሰውም፤ ሕክምናው የቀረውን ለማቆየት ነው።

ስለዚህ ካርዳቸው ላይ ሁለት ነገር ፈልጊ። አንዱ ሲ/ዲ እየተባለ የሚጻፈው ቁጥር ነው፤ በነርቩ ራስ መሐል ያለው ጉድጓድ ምን ያህል እንደሰፋ ይናገራል። 0.3 አካባቢ ብዙ ጤነኛ ሰው ላይ የሚታይ ነው፤ 0.9 ከሆነ የቀረው ጠርዝ ቀጭን ነው። ሁለተኛው ፊልድ የሚባለው፣ የእይታን ስፋት የሚለካው፣ አንድ ዓይን ተሸፍኖ ብልጭታ ባዩ ቁጥር ቁልፍ የሚጫኑበት ምርመራ ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ብዙ ጊዜ አያስተማምንም፤ ሰው እስኪለምደው ይሳሳታል፣ ይደክመዋል። በጥቂት ወራት ውስጥ ይደገምና የተሻለው መነሻ ሆኖ ይቀመጥ። ወረቀቱን አትጣሉት። ሐኪም ቢቀየር እንኳ በሽታው ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው የሚለው የሚታወቀው አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አስቀምጦ ነው።

ብዙ ሰው «ከ21 በታች ከሆነ ደህና ነው» ይላል። ይሄ አባባል ብዙ ዓይን አጥፍቷል። ነርቩ ብዙም ላልተጎዳ ሰው 17 ሊበቃ ይችላል፤ ሲ/ዲው 0.9 ለደረሰ ሰው ግን ሐኪሞች 12 አካባቢ እንዲሆን ይፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ላይ፣ በየቀጠሮው ሁሉ ከ18 በታች የነበሩና አማካያቸው 12 ገደማ የሆነ ዓይኖች በአማካይ ለዓመታት ባሉበት ቆይተዋል። ሌላ የስዊድን ጥናት ደግሞ ግፊቱ በ1 በቀነሰ ቁጥር በሽታው የመባባስ ዕድሉ በ10 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በቀጠሮው ቀን «ለእሳቸው ዓይን የተያዘው ግብ ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። የኮርኒያቸው (ከዓይን ፊት ያለው ግልጽ ሽፋን) ውፍረትም ተለክቶ እንደሆነ አብረሽ ጠይቂ፤ አማካዩ 540 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከዚያ በጣም የሳሳ ከሆነ ማሽኑ ግፊቱን ከእውነተኛው አሳንሶ ያነባል።

አሁን ወደ 34 እና 22 ልምጣ። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ይህን ያህል ልዩነት ሲኖር እኛ አገር መጀመሪያ ከሚጠረጠሩት አንዱ ሱዶኤክስፎሊየሽን ነው። የብሌኑ ጠርዝና የዓይን ሌንሱ ላይ ፎረፎር የመሰለ ነጭ ብናኝ ይታያል፤ ያ ብናኝ የዓይን ፈሳሽ የሚወጣበትን ማጣሪያ ይደፍነዋል። በኢትዮጵያ የግላኮማ ሕመምተኞች ላይ በብዛት የሚገኝ ነው። ከተለመደው ግላኮማ የሚከፋው ግፊቱ ከፍ ስለሚልና ስለሚዋዥቅ ነው፤ ዛሬ 17 የሆነው ከወር በኋላ 30 ሊሆን ይችላል። ብሌን በጠብታ ተከፍቶ ካልታየ በቀላሉ ያመልጣል። ካለባቸው ቀጠሮው መቀራረብ አለበት፤ ወደፊት የሞራ ቀዶ ሕክምና ካስፈለጋቸውም ሐኪሙ አስቀድሞ ይወቅ፣ ምክንያቱም ሌንሱን የያዙት ክሮች ደካማ ናቸው።

ከዚህ ቀጥሎ ትልቁ አደጋ መድኃኒት መቋረጡ ነው። ሰው ለቀጠሮ ሰሞን ጠንክሮ ይጨምራል፣ ግፊቱ ጥሩ ሆኖ ይለካል፣ ሐኪሙም ደስ ብሎት ይሸኛል፤ በመሐል ያለው ሦስት ወር ግን ባዶ ነው። ፊልዱ እየባሰ ግፊቱ «ጥሩ» ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይሄው ነው። ጠርሙሱን መቁጠር ይቻላል። 5 ሚሊ ሊትር ቲሞሎል ለሁለቱም ዓይን ጠዋትና ማታ ሲጨመር በቀን 4 ጠብታ ይወጣዋል፤ ወር ገደማ ነው የሚቆየው። ሁለት ወር ከቆየ እየተዘለለ ነው፤ በሁለት ሳምንት ካለቀ ደግሞ ጉንጭ ላይ እየፈሰሰ ነው።

አጨማመሩ እንዲህ ነው፦ እጅ ይታጠባሉ፣ ቀና ብለው የታችኛውን ቆብ ሳብ ያደርጋሉ፣ የጠርሙሱ ጫፍ ሽፋሽፍት ሳይነካ አንድ ጠብታ ብቻ። ሁለተኛው ጠብታ ትርፍ ነው፣ ዓይን አይዘውም። ከዚያ ሳያርገበግቡ ጨፍነው፣ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለ2 ደቂቃ በጣት ይጫኑ። ካልተጫነ መድኃኒቱ በእንባ ቱቦ ወርዶ ደም ውስጥ ይገባል፤ ጉሮሮ ላይ የሚመርራቸው ለዚህ ነው። ቲሞሎል ደግሞ የልብ ምት ይቀንሳል፣ አስም ያስነሳል። አስም ካለባቸው ወይም ልባቸው ዝግ ብሎ የሚመታ ከሆነ ለሐኪሙ ዛሬውኑ ይነገር። ሁለት ዓይነት ጠብታ ሲሆን በመካከሉ 5 ደቂቃ ይጠበቅ፣ ያለበለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጥበዋል።

ከውጭ ለምትልኩ፦ ላታኖፕሮስት (ሌላ የግላኮማ ጠብታ) ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፣ ከተከፈተ በኋላ ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት እስከ 6 ሳምንት። ሻንጣ ውስጥ ቀናት የከረመ ወይም የዱባይ ፀሐይ ላይ መኪና ውስጥ የዋለ ጠብታ አይታመንም። የካርቶኑን የንግድ ስም ትታችሁ ውስጡ ያለውን መድኃኒት ስም አንብቡ። ዶርዞላሚድ የሚባል ሌላ የግላኮማ መድኃኒት ከቲሞሎል ጋር የተቀላቀለበት ጠርሙስ ተልኮላቸው የድሮውን ቲሞሎልም የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ ቲሞሎሉ እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

የደም ግፊት ክኒኑ በደንብ ይታሰብበት። ሌሊት የደም ግፊት በራሱ ይወርዳል፤ ክኒኑ ሲጨመርበት ከመጠን በላይ ወርዶ የተጎዳው ነርቭ ደም ሊያንሰው ይችላል። ለውስጥ ደዌ ሐኪማቸው ግላኮማ እንዳለባቸው ይነገርና ወደ ጠዋት ይዛወር እንደሆነ ይጠየቅ። በራስ ማቆም ግን አይቻልም፤ የደም ግፊቱ ከተለቀቀ ስትሮኩ ከግላኮማው ቀድሞ ሊመጣ ይችላል።

ዓይናቸው በቀላ ቁጥር ፋርማሲ ገብቶ ዴክሳሜታዞን (ስቴሮይድ የሆነ ጠብታ) መግዛት አይሆንም። ስቴሮይድ የዓይን ግፊትን በሳምንታት ውስጥ ሊሰቅል ይችላል፣ ግላኮማ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። ፊት ለማቅላት የሚቀባው ክሬም ውስጥም ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ አለ።

«ሞራ ነው፣ ሲበስል ይገፈፋል» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ሞራ ቢጠብቅ ብዙውን ጊዜ ብርሃኑ ይመለሳል፣ ግላኮማ ላይ ግን የተጠበቀው ጊዜ ሁሉ ኪሳራ ነው። ጸበል መሄድ ጠብታ ማቆም ማለት አይደለም፤ ጠርሙሱ አብሮ ይሂድ። ሁለት ሱባኤ ያለ ቲሞሎል ካለፈ የመድኃኒቱ ኃይል አብዛኛው ከዓይን ውስጥ ወጥቷል። ለሚጾሙ ሙስሊም ወገኖች ደግሞ በቀን ሁለቴ የሚጨመረው በሱሁርና ከኢፍጣር በኋላ ሊደረግ ይችላል፣ ላታኖፕሮስት ደግሞ መጀመሪያውንም የማታ ነው። በኢፍጣር ሰዓት አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ትንፋሽ መጠጣት ግን ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ቀስ እየተባለ ይጠጣ።

ስለ አጎትሽ፦ በግላኮማ የታወረ የቅርብ ዘመድ መኖሩ አደጋውን ይጨምራል፤ ግን እሳቸው በስንት ዓመታቸው፣ በምን ደረጃ እንደተገኘባቸው ሳይታወቅ ከእናትሽ ጋር ማወዳደር አይቻልም። የእናትሽ እህት ወንድሞች በሙሉ ይመርመሩ። አንቺም 40 እስኪሞላሽ አትጠብቂ። ግፊት ብቻ ተለክተሽ እንዳትመለሺ፤ ብሌንሽ ተከፍቶ ነርቩ ይታይ። ጠብታው ለጥቂት ሰዓት ስለሚያደበዝዝሽ መኪና ይዘሽ አትሂጂ።