አፈወርቅ ተክሌ የተላኩት ማዕድን ሊማሩ ነበር?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። በሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ጉዳይ ከጓደኛዬ ጋር ተከራክረን ቡና ተወራርደናል። እሱ ሰውየው ኢንጂነሪንግ ሊማሩ ሄደው ነው ሰዓሊ ሆነው የመጡት ይላል፣ እኔ ደግሞ የአንኮበር ሰው ስለሆኑ ከልጅነታቸው የቤተክርስቲያን ሥዕል ተምረው ነው ያደጉት ባይ ነኝ። ማነው ልክ? ደግሞስ መንግሥት ልኮህ ትምህርት መቀየር በዛ ዘመን ይቻል ነበር እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ ሳይሰማ ልንገርህና እየመራህ ነው።

አፈወርቅ የተወለዱት በጥቅምት 1925 ዓ.ም. አንኮበር ነው፣ ካንተ ብዙም አይርቅም። (የልጅ ታሪክ እያወሩ አንቱ ማለት ትንሽ ይከብዳል ግን ሌላ ማለትም አፌ እምቢ አለኝ፣ ሙሉ ማዕረጋቸውን ልጻፍ ካልኩማ ገጹ አይበቃኝም።) ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ አራት ዓመት እንኳን አልሞላቸውም፣ ሲወጣ ደግሞ የስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ፣ ስለዚህ ነፍስ ያወቁት ጦርነት ውስጥ ነው በለው።

ከነፃነት በኋላ አገሪቱ የቸገራት መሐንዲስና ሐኪም ነው፣ ጎበዝ ተማሪ ሲገኝ ወደ ውጭ ይላካል፣ እሳቸውም በ15 ዓመታቸው ገደማ በ1947 እ.ኤ.አ. የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ እንግሊዝ ተላኩ። ሥዕል ላጥና የሚባል ነገር ማን ያስበዋል፣ አዲስ አበባ ራሱ አለ ፈለገሰላም ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ት/ቤት የተከፈተው ከዛ አስር ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው።

ጃንሆይ ተጓዦቹን ተማሪዎች ጠርተው የመከሩት ነገር አለ፣ አፈወርቅ ራሳቸው ሲያነሱት የኖሩት፦ ስትመለሱ ስላያችሁት ፎቅና ስለ መንገዱ ስፋት እንዳታወሩን፣ አገር የምትገነቡበትን እውቀት ይዛችሁ ኑ የሚል። እስቲ አስበው፣ ይሄን አደራ ተሸክሞ የሄደ ልጅ ማዕድኑን ትቼ ብሩሽ ልያዝ ሲል! ደግሞ ትምህርቱ ከብዷቸው አይደለም፣ አዳሪ ት/ቤት እያሉ በሂሳብና በኬሚስትሪ ጎበዝ ነበሩ። የሥዕል ተሰጥኦዋቸውን ያዩ አስተማሪዎቻቸው ናቸው የገፋፏቸው፣ መጀመሪያ ለንደን ሴንትራል የሥነ ጥበብና ዕደ ጥበብ ት/ቤት ገቡ፣ ቀጥሎ ስሌድ የሚባለው የለንደን የሥነ ጥበብ ት/ቤት፣ እዛ የተማሩ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆኑ። ሥዕል ብቻ ሳይሆን ቅርፃቅርፅና አርክቴክቸርም ጭምር። ስለዚህ አዎ፣ መቀየር ይቻል ነበር፣ ቢያንስ ለሳቸው ተችሏል።

በ1954 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያ ኤግዚቢሽናቸውን ሲያሳዩ ገና የ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ።

አሁን ወዳንተ ወገን ልምጣ። ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ተመልሰው አውሮፓ ዞሩ፣ የመስታወት ሥዕል የተማሩትም ያኔ ነው፣ እና ለንደን፣ ፓሪስና ቫቲካን ቤተመጻሕፍት ገብተው ምን ሲያጠኑ ቆዩ መሰለህ? የኢትዮጵያን የብራና ሥዕሎች! የለንደኖቹ ብዙዎቹ ከመቅደላ የተዘረፉ ናቸው። ጻድቁ ፊቱን ሙሉ አዙሮ በሁለቱም ዓይኑ የሚያይበት፣ ክፉው ደግሞ በጎኑ ባንድ ዓይን የሚሳልበት፣ አንተ እሁድ እሁድ ግድግዳ ላይ የምታየውን ማለት ነው፣ የአንኮበሩ ልጅ ባህር ተሻግሮ ገጽ በገጽ ሲመረምረው ከረመ። እኔን ከማዕድኑም በላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው። አፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥራ ያየ ሰው ፊቶቹንና ዓይኖቹን ልብ ይበል፣ ያ ብራና እዛ አለ።

እንግዲህ ጓደኛህ በማዕድኑ ልክ ነው፣ አንተም የቤተክርስቲያኑን ሥዕል ጨርሰህ አልሳትክም፣ ቦታና ዕድሜ ነው ያምታታህ። ቡናውን ግን አንተ ክፈል።